«የምታውቀውን ምረጥ» ለሚለው የሰርቨር ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቡድኖች ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የተጻፈው ኮድ ለማይጽፉ የድረ ገጽ ባለቤቶች ነው፤ ሱቃቸውን፣ ክሊኒካቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን ወይም የአስጎብኚ ድርጅታቸውን ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ለሚፈልጉ ሰዎች። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የራስህን ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ፣ ለብቻህ የተከለለ የሰርቨር ድርሻ) ተከራይ፤ ዊንዶውስ ሰርቨር ጫንበት፤ ቤትህም ቢሮህም የምትሠራው በዊንዶውስ ስለሆነ አትቸገርም። ሊኑክስ የተባለው ሌላው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ባለቤት የሌለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት፣ አማርኛም የማይሆንለት ነገር ስለሆነ ለባለሙያዎች ተወው። ለዚህም ሰባት ምክንያት ተደርድሯል።

ጽሑፉ ጥርት ባለ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ሰው ለመጥቀም እንጂ ለመሸጥ የተነሱ አይመስለኝም። ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ጥርት ያለ ምክር ቶሎ ይሠራበታል። ድረ ገጽ መሥራትና መንከባከብ እንጀራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ምክር ሰምተው ሰርቨር የተከራዩ ሰዎች ከጥቂት ወራት በኋላ የሚደውሉት እንደኔ ላለ ሰው ነው። ከመደወላቸው በፊት ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዊንዶውስ የሚያውቅ ሰው ዊንዶውስ ሰርቨርን ያውቃል»

ማውሱ አንድ ነው፣ ስታርት የሚለው ቁልፍም አንድ ነው። ሥራው ግን አንድ አይደለም። ሰርቨር ማስተዳደር ማለት አይአይኤስ በተባለው የዊንዶውስ ድረ ገጽ አቅራቢ ላይ ዶሜይኑን ማያያዝ፣ ፎልደሩን ማን ማንበብ ማን መጻፍ እንደሚችል መወሰን፣ የትኛው ፖርት (የኢንተርኔት መግቢያ በር) እንደሚከፈት የትኛው እንደሚዘጋ ማወቅ፣ የሳይቱን የደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ሳያልፍ ማደስ፣ ሳይቱ ሲወድቅ ሎግ የተባለውን የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ ማንበብ ነው። ዎርድ ላይ ደብዳቤ መጻፍም ሆነ ኤክሴል ላይ የደመወዝ ሰንጠረዥ መሥራት እዚህ አያደርስም። ታክሲ ተሳፍሬ ስለማውቅ ጋራዥ እከፍታለሁ እንደማለት ነው። ደግሞም ማይክሮሶፍት ራሱ ከ2008 ጀምሮ ሰርቨር ኮር የሚባል፣ ዴስክቶፕም ስታርትም የሌለው ዊንዶውስ ሰርቨር ያወጣል፤ በመጫኛው ዝርዝር ላይ ከላይ የሚቀርበውም እሱ ነው። ጸሐፊው የሸሹት ጥቁር ስክሪን ቀድሟቸው ደርሷል።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን ጥያቄው ራሱ የተገለበጠ መሆኑ ነው። የድረ ገጽ ባለቤት በየቀኑ የሚያየው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አይደለም። የሚያየው ዎርድፕረስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ፣ ቢበዛ ደግሞ የሆስቲንግ ፓኔሉን፣ ማለትም የተከራየውን የድረ ገጽ ማስቀመጫ የሚያስተዳድርበትን ገጽ ነው። ዎርድፕረሱ በሊኑክስም በዊንዶውስም ላይ መልኩ ያው ነው። ከፓኔሎቹ መካከል ፕሌስክ በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ሲፓነል ግን ዛሬ የሚሠራው በሊኑክስ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ «የምታውቀውን ምረጥ» ከተባለ፣ ከዚህ ቀደም የተለመደ ሆስቲንግ ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ሳያውቀው የለመደው ሊኑክስን ሊሆን ይችላል።

ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት ሌላ ነው። መጀመሪያ ሳይቱ በምን ተሠራ? በዓለም ላይ ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በዎርድፕረስ ነው፤ ዎርድፕረስ ደግሞ ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ማይሲኩዌል ወይም ማሪያዲቢ የተባለ ዳታቤዝ ይፈልጋል። እነዚህ በዊንዶውስ ላይ አይሠሩም አልልም፤ ይሠራሉ። ግን ማይክሮሶፍት በጁላይ 2020 ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ የዊንዶውሱን ፒኤችፒ እንደማይደግፍ አስታውቆ እጁን አውጥቷል፤ ሥራውን የፒኤችፒ ማኅበረሰብ ተረክቦ ቀጠለ። አብዛኞቹ ፕለጊኖችም (በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላ ፕሮግራሞች) የሚጻፉትና የሚሞከሩት ሊኑክስን አስቦ ነው። አንዱን ምሳሌ ልጥቀስ፦ ብዙ የደህንነት ፕለጊኖች «ይህን ፎልደር ማንም አይክፈት» የሚለውን ትእዛዝ የሚጽፉት አፓቼ የተባለው ሌላው ድረ ገጽ አቅራቢ በሚያነበው ኤችቲአክሰስ በተባለ ፋይል ውስጥ ነው። አይአይኤስ ያንን ፋይል አያነብም። ባለቤቱ ፕለጊኑን ይጭናል፣ አረንጓዴ ምልክት ያያል፣ በሩ ግን ክፍት ነው።

«ሊኑክስ ባለቤት የለውም፤ ነገ ቢቋረጥ ማንን ትይዛለህ?»

ይህ ነጥብ ከሰባቱ ሁሉ የሚሻለው ነው፤ ጸሐፊው ማስረጃ ይዘው መጥተዋልና። ማስረጃቸው ሴንትኦኤስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። እውነት ነው፤ ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ፣ እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ የነበረው ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም አሳወቀ። ስምንት ዓመት የቀረው ነገር ወደ አንድ ዓመት ወረደ። ያኔ በሴንትኦኤስ 8 ላይ ሰርቨር የነበረው ሰው ሁሉ ተናዷል፤ ንዴቱም ተገቢ ነበር።

ታሪኩ ግን ጸሐፊው የቆሙበት ቦታ ላይ አላለቀም። ኮዱ ክፍት ስለነበረ ሌሎች አነሱት። አልማሊኑክስ በማርች 2021 ወጣ፤ ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር የጀመረው ሮኪ ሊኑክስ ደግሞ በጁን 2021። ሁለቱም ነባሩን ሰርቨር ሳያፈርሱ፣ ሳይቱን ሳያነሱ፣ ሴንትኦኤሱን ወደ ራሳቸው የሚለውጥ ስክሪፕት አዘጋጁ። ድጋፉ ከመቋረጡ በፊት መሄጃ ነበር፤ የተጠየቀ ክፍያም አልነበረም። ደግሞ «ባለቤት የለውም» የሚለው ቃል ከሬድ ሃት ታሪክ ጋር አብሮ አይሄድም፤ አይቢኤም ኩባንያውን በ2019 የገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሰዎቹን ያስቆጣው ባለቤት መኖሩና ያ ባለቤት ሐሳቡን መለወጡ ነው።

አሁን ወደ ዊንዶውስ እንምጣ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 በኦክቶበር 10 ቀን 2023 ድጋፉ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት የሚፈልግ፣ ሰርቨሩ በማይክሮሶፍት የራሱ ክላውድ ላይ ካልሆነ በቀር፣ ለየብቻው ይከፍላል። የ2016ቱ ቅጂ በጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ያበቃል፤ የ2019ኙ በጃንዋሪ 2029፤ የ2022ቱ ደግሞ በኦክቶበር 2031። በሌላው በኩል፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል፣ ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 መደበኛ ድጋፍ አለው፤ ኡቡንቱ ፕሮ በሚባለው ደግሞ አሥር ዓመት ይሞላል፤ ለግለሰብ እስከ አምስት ማሽን ድረስ ነፃ ነው። ዴቢያን 12 በጁን 2023 ወጥቶ በሦስት ዓመት መደበኛ ድጋፍና በሁለት ዓመት ማራዘሚያ እስከ 2028 ይሄዳል። አልማሊኑክስ 9 እስከ 2032። ሁሉም ይሞታሉ። ሰው ሰርቨር ሲከራይ መጠየቅ ያለበት የትኛው እንደማይሞት ሳይሆን የሚከራየው መቼ እንደሚሞት ነው፤ ይህን ጥያቄ ጸሐፊው አንድም ቦታ አላነሱትም። ርካሽ አቅራቢ 2016ን ሲያቀርብላችሁ ዋጋው የረከሰበትን ምክንያት ከቀኑ ማንበብ ይቻላል።

«ማንን ትይዛለህ?» ለሚለው ደግሞ፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሳይቱ ቢወድቅ ማይክሮሶፍት የአዲስ አበባን ሱቅ ስልክ አያነሳም። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካልም አያነሳም። የሚያነሳው፣ ካነሳም የሚያነሳው፣ ሆስቲንጉን ያከራያችሁ ድርጅት ነው።

«የሊኑክስ ኮድ ክፍት ስለሆነ ሌባ ገብቶ ያነበዋል»

ለዚህ የተጠቀሰው በ2024 የተገኘው የኤክስዚ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የምር አስፈሪ ስለነበረ እንደዋዛ አላልፈውም። ኤክስዚ ፋይል የሚያሳንስ፣ በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚንቀሳቀስ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየሠራ እምነት ካገኘ በኋላ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቅጂዎች ውስጥ የጓሮ በር አስገባ። ያ በር ቢዘልቅ ኖሮ በርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበትን ኤስኤስኤች ይከፍት ነበር።

ማን ደረሰበት? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ፤ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ። ወደ መሞከሪያ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፤ ለምን ብሎ ቆፈረ፤ ኮዱ ክፍት ስለነበረ እስከ ታች ድረስ መቆፈር ቻለ፤ ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። መርዙ የደረሰው በአመዛኙ ገና በሙከራ ላይ ያሉ የዴቢያንና የፌዶራ ቅጂዎች ዘንድ ነበር። የተረጋጋውን ዴቢያን ወይም ረጅም ድጋፍ ያለውን ኡቡንቱ (ኤልቲኤስ) ይዞ የተቀመጠ ተራ የድረ ገጽ ባለቤት አልተነካም። ክፍት ኮድ ሌባን ይጋብዛል ከተባለ፣ ሌባውን ያስያዘውም ይኸው ክፍትነት መሆኑ አብሮ መነገር ነበረበት። የማይክሮሶፍት ሰው በሊኑክስ ማሽን ላይ ምን ይሠራ ነበር ለሚል አንባቢ ደግሞ፦ በማይክሮሶፍት በራሱ ክላውድ፣ በአዠር ላይ፣ ሊኑክስ ከዊንዶውስ እንደበለጠ ከ2019 ጀምሮ ከቤቱ ሰዎች ተነግሯል።

እኔ ግን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሄጄ ሊኑክስ አይጠቃም አልልም፤ ያንን የሚሉ ሰዎችም ያናድዱኛል። ሳይት የሚሰበረው በአመዛኙ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በላይ ባለው ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2020 ፋይል ማኔጀር በተባለ የዎርድፕረስ ፕለጊን ላይ ቀዳዳ ተገኘ፤ ፕለጊኑ ከ700,000 በላይ ሳይቶች ላይ ተጭኖ ነበር። በዚያ ቀዳዳ የገባ ሰው ከሥር ያለው ኡቡንቱ ይሁን ዊንዶውስ ጉዳዩ አልነበረም። ያልታደሰ ፕለጊን፣ ከስልክ ቁጥር የተሠራ ፓስወርድ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተሰናበተ ሠራተኛ ያልተዘጋ አካውንት፤ ሌባ የሚመጣው በእነዚህ ነው።

በዊንዶውሱ በኩል የሚጨመር አንድ አደጋ ግን አለ፤ ጸሐፊው እንደ ጥቅም የቆጠሩት ነው። «ከቤትህ ሆነህ በሪሞት ዴስክቶፕ ትገባለህ» ብለዋል። ሪሞት ዴስክቶፕ በፖርት 3389 በኩል ለኢንተርኔት ክፍት ሲሆን ቀንና ሌሊት ፓስወርድ የሚሞክሩ ማሽኖች ይሰለፉበታል። በሜይ 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት በጣም ስለደነገጠ ድጋፉ ካበቃ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማሻሻያ አውጥቷል። ኤስኤስኤችም ይደበደባል፤ ግን በፓስወርድ ፋንታ በቁልፍ ፋይል ብቻ እንዲከፈት ማድረግ በሊኑክስ ዓለም የተለመደ አሠራር ነው። ለሁለቱም የሚሠራው መድኃኒት ማደስ ነው። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ፣ የቀዳዳው መድፈኛ ከማርች ጀምሮ ወጥቶ ነበር። የተጎዱት በአመዛኙ በሁለት ወር ውስጥ ያላደሱት ናቸው።

«ሊኑክስ ላይ አማርኛ የጥያቄ ምልክት ይሆናል»

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ መነጋገር እፈልጋለሁ፤ ይህ ወሬ ከጸሐፊው በፊትም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ የብዙ ሰው ጽሑፍም በዚህ ጠፍቷል።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በቅጂ 3.0 ነው። ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ይህ በሊኑክስም በዊንዶውስም አንድ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ማይሲኩዌል ለረጅም ዓመታት ሌላ ካልተነገረው በቀር ላቲን1 የሚባለውን የፊደል ስብስብ ይወስድ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች እንጂ ለሀሁ ቦታ የለም። በ2018 የወጣው ማይሲኩዌል 8.0 ነው ይህን ወደ ዩቲኤፍ-8 የለወጠው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ዳታቤዝ፣ ወይም በአሮጌ መመሪያ የተሠራ አዲስ ዳታቤዝ፣ የትኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ቢቀመጥ አማርኛ ሊበላ ይችላል።

ባለቤቱ ቴክኒክ ባያውቅም ምልክቱን ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ይችላል። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ። ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ፣ ዳታቤዙ ፊደሉን መያዝ አቅቶት በምትኩ ያን ምልክት አስቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ዋናው ጽሑፍ የለም፤ ከባክአፕ ካልሆነ አይመለስም። ጭረትና ነጥብ የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ቁርጥራጭ ከታየ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ባይቶቹ በቦታቸው አሉ፣ የተሳሳተው አነባበባቸው ነው፤ የሚያውቅ ሰው ይመልሳቸዋል። ባዶ ሳጥን በሳጥን ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ምንም አላጠፋም፤ የአንባቢው ኮምፒውተር ወይም ስልክ የአማርኛ ፎንት የለውም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለው ፎንት ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሳጥኖቹን አይረሳቸውም። የመጀመሪያውን ዓይነት አይቶ ሰርቨሩን ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የቀየረ ሰው ያተረፈው ነገር የለም፤ የጥያቄ ምልክቶቹን አዛውሯል።

በሁለቱ ሲስተሞች መካከል በፋይል ስም ላይ ግን እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ እስማማ ነበር። ሊኑክስ የላቲንን ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል ለይቶ ያያል፤ ዊንዶውስ አይለይም። ሳይቱን ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ የሠራ ልጅ ወደ ሊኑክስ ሆስቲንግ ሲጭነው ግማሹ ፎቶ የሚጠፋው በዚህ ነው። በአማርኛ ስም የተሰየሙ ፎቶዎችም በዚፕ ታሽገው ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሄዱ ስማቸው አንዳንዴ ይዘበራረቃል። መፍትሔው ሰርቨር መቀየር አይደለም፤ ለፋይል ስም ትንሽ የላቲን ፊደልና ጭረት ብቻ መጠቀም ነው። አማርኛውን ለርዕሱና ለጽሑፉ አቆዩት።

«የዋጋው ልዩነት የማይረባ ነው፤ ላይሰንሱም አያሳስብም»

ዊንዶውስ ሰርቨር የሚሸጠው በፕሮሰሰር ኮር ነው፤ ለአንድ ማሽን ትንሹ 16 ኮር ሲሆን የስታንዳርዱ ዋጋ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ቪፒኤስ የሚከራይ ሰው ይህን በአንድ ጊዜ አይከፍልም፤ በየወሩ ኪራዩ ላይ ይጨመርበታል። ማሽኑም መስፋት አለበት፦ ዴስክቶፕ ያለው ዊንዶውስ ሰርቨር ሳይቱ ገና ሳይጫን ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ትንሽ የዎርድፕረስ ሳይት በ1 ጊጋባይት ሊኑክስ ላይ ይኖራል።

ለአሜሪካ ነጋዴ ይህ የማይረባ ሊሆን ይችላል። ብር በጁላይ 29 ቀን 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዶላር ያልተነካ የሆስቲንግ ዋጋ በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ሰርቨሩ ይዘጋል፤ ዘመድ ደግሞ በየወሩ ሲጠየቅ ይሰለቻል። (የዓመቱን በአንዴ መክፈል ከሁሉም ይሻላል፤ ቅናሽም ይኖረዋል።)

«አክቲቬት ማድረጊያው በየቦታው ይገኛል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስደርስ ግን ጽሑፉን ለአፍታ አስቀመጥኩት። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ቤት ውስጥ መለመዱን ማን ይክዳል። ሰርቨር ላይ ግን የክራኩ ፕሮግራም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ ሙሉ ሥልጣን ስጠኝ ነው። የደንበኞቻችሁ ስምና ስልክ ባለበት ማሽን ላይ ማን እንደጻፈው ለማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጥታችሁ፣ ከዚያ ስለ ሊኑክስ ደህንነት ማውራት አይቻልም። አከራዩ ድርጅት ከደረሰበት ደግሞ ውል አፍርሶ ይዘጋል፤ የሚከራከርላችሁ የለም።

«ፒችትሪንም እዚያው ሰርቨር ላይ ታስቀምጠዋለህ»

አታስቀምጡት። የሂሳብ መዝገባችሁ ማንም ሰው ከዓለም ዙሪያ ገብቶ ገጽ በሚከፍትበት ማሽን ላይ ምን ይሠራል? ሳይቱ በአንድ ፕለጊን ቢሰበር ገቢና ወጪያችሁ አብሮ ይሄዳል። በተጨማሪም ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ በሪሞት ዴስክቶፕ የሚያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እነሱም ለአስተዳደር እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም። ሦስተኛዋ የሂሳብ ሠራተኛ ልትገባ ስትል ወይ አንዱ ይወጣል ወይ በር ላይ ትቀራለች።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆኑበት ቦታ አለ፤ አላልፈውም። ሳይታችሁ ወይም የውስጥ ሥርዓታችሁ በአሮጌው ኤኤስፒ ዶት ኔት፣ ማለትም ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4 ላይ የተሠራ ከሆነ ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። ከ2016 ወዲህ የመጣው አዲሱ ዶት ኔት በሊኑክስም ይሠራል፤ የትኛው እንደሆነ የሠራላችሁን ሰው በአንድ ጥያቄ ማወቅ ይቻላል። አሮጌው ከሆነ ማንም ሊኑክስ አምላኪ እንዲያሳፍራችሁ አትፍቀዱ፤ ዊንዶውሱን ተከራዩ፤ ግን ፕሌስክ ያለውን፣ አከራዩ ራሱ የሚያድሰውን።

«በአንድ ሰዓት ውስጥ ራስህ ትጭነዋለህ»

ሰዓቱን ማንም አይከራከርም፤ ቪፒኤስ ላይ እንዲያውም ደቂቃዎች ይበቃሉ። ኡቡንቱም ያው ነው። ከዚያ በኋላስ? የዊንዶውስ ማሻሻያ በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት። ማን ያነሳዋል? ኡቡንቱ ሰርቨር የደህንነት ማሻሻያዎችን ሳይጠየቅ ራሱ ይጭናል፤ ግን የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ሲታደስ እሱም መነሳት ይፈልጋል፤ ከአንድ ኤልቲኤስ ወደ ሌላው ለመሻገር ደግሞ ሰው ያስፈልገዋል። ኮድ የማይጽፍ፣ የሚያግዘው ሰው የሌለው ባለቤት ባዶ ቪፒኤስ መከራየት የለበትም፤ የትኛውም ይጫንበት። ለሱ የሚሆነው አከራዩ ከሥር ያለውን ሁሉ የሚንከባከብበት ሆስቲንግ ነው። እዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እሱ አይመርጥም፤ መምረጥም አይጠበቅበትም።

ለአከራዩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፤ ከሁሉ የሚቀድመው የባክአፑ ነው። ማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጠለ፤ ኤስቢጂ2 የተባለው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ሳይታቸውንም ባክአፑንም በአንድ ሌሊት አጡ። በእሳቱ ውስጥ ሊኑክስም ነበረ፣ ዊንዶውስም ነበረ። ስለዚህ ባክአፑ የት ከተማ ነው? በየስንት ቀኑ ይወሰዳል? ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ የተሞከረው መቼ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ የሚንተባተብ አከራይ በርካታ ነው። ዶሜይኑስ በማን ስም ተመዘገበ? ሳይቱን በሠራው ልጅ ስምና ኢሜይል ከሆነ፣ ልጁ ካናዳ ሄዶ ኢሜይሉን መክፈት ያቆመ ቀን የሰርቨሩ ጥራት ምንም አያድናችሁም።

ምክሩን ቀድማችሁ ተቀብላችሁ ዊንዶውስ ቪፒኤስ ተከራይታችሁ ከሆነ የከፈላችሁትን ጥላችሁ አትሩጡ። ስታርት ላይ ዊንቨር የሚለውን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ቅጂውን እዩ፤ 2012 ካለ የሚቀጥለውን ወር ኪራይ እዚያ ላይ አትክፈሉ፤ 2016 ካለ ከጃንዋሪ 2027 በፊት መሄጃ ፈልጉ። ፖርት 3389ን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉ፤ የቤታችሁ ኢንተርኔት አድራሻው በየጊዜው ስለሚቀያየር ለአንድ አድራሻ ብቻ ብትፈቅዱ እናንተም ውጭ ልትቀሩ ትችላላችሁ፤ አከራዩ በብራውዘር የሚከፈት ኮንሶል ካለው በሱ ግቡና ፖርቱን ዝጉት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ የሳይቱን ፋይሎችና ዳታቤዙን ወደ ላፕቶፓችሁ አውርዱ፤ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማሽን ላይ ከፍቶ፣ አማርኛው በትክክል መነበቡን አይቶ ያረጋግጥላችሁ። ካልተከፈተ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አስተካክሉ።